ዳዶው፣ እርሳሱና የልጅ እጅ

የሱቃችሁን በር ገርበብ አድርጋችሁ፣ ገበያውን ለረዳት ትታችሁ የተገኛችሁ የሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ነጋዴዎች፣ ከአካባቢው አፀደ ሕፃናት የመጣችሁ መምህራን፣ ልጆቻችሁን በእጅ ይዛችሁ የገባችሁ እናቶችና አባቶች፣ ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁ ምስጋና ይድረሳችሁ። በመርካቶ ከቀትር በኋላ ያለ ሰዓት ምን ያህል እንደሚያወጣ የማያውቅ የለም።

የዛሬው ንግግር ዓላማ አንድ ነው፤ አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ሳይገባ እጁ ለጽሕፈት መድረስ አለመድረሱ እንዴት እንደሚታይ ማስረዳት። ባለሙያዎች ሥራውን የጥቃቅን ጡንቻዎች ክህሎት ልየታ ይሉታል። ነገሩ በሦስት በኩል ይታያል። መጀመሪያ የልጅ እጅ እንዴት እንደሚበስል፣ ቀጥሎ ፊደላችን ከዚያ እጅ ምን እንደሚጠይቅ፣ በመጨረሻም ልየታው እዚሁ መርካቶ ውስጥ ቢደረግ ምን መምሰል እንዳለበት። መሐል ላይ ወደ የኔታ ደጅና ወደ ቁርኣን ቤት ጎራ ማለት ይኖራል።

ከሱቅ ደጅ እንጀምር። በዚህ ሰፈር ከትምህርት ቤት መልስ ሁልጊዜ የሚታይ ነገር ነው። ዩኒፎርሙን ያላወለቀ የአምስት ዓመት ልጅ የአባቱ ሱቅ ደፍ ላይ ተቀምጦ፣ ብሎን የሞላ ጣሳ ፊቱ አስቀምጦ ይጫወታል። በግራ እጁ ብሎኑን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ በቀኝ እጁ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ዳዶውን ያሽከረክራል። ጥርሱ አልያዝ ሲል መልሶ ያወጣዋል፣ ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል፣ እንደገና ይሞክራል። ትልቁን ዳዶ ለትንሹ ብሎን አይሞክርም፤ በዓይኑ ለክቶታል። ይኸው ልጅ በማግስቱ ክፍል ውስጥ እርሳስ ሲሰጠው በጡጫው ይጨብጠዋል። መስመር ይስታል፣ ወረቀት ይቀድዳል። ደብተሩ ላይ በቀይ ቀለም «ይለማመድ» ተብሎ ይጻፍበታል። ቤት ሲደርስም «እጅህ ሰነፍ ነው» ይባላል።

የትኛው እጁ?

ሙሉው ንግግር የሚሽከረከረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። እርሳስ ይዞ ያላደገ ልጅና እጁ በእርግጥ ችግር ያለበት ልጅ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ጭረት ይጭራሉ። ሁለቱን መለየት የማይችል ልየታ ስሙን አያገኝም።

ቃሉን ጥቂት ማፍታታት ሳያስፈልግ አይቀርም፤ ልየታ ምርመራ አይደለምና። ልየታ ወንፊት ነው፤ ብዙ ልጆች በአጭር ጊዜ ያልፉበታል፣ ወንፊቱ ላይ የቀሩት ደግሞ ረጋ ተብሎ እንደገና ይታያሉ። የቀረው ሁሉ ችግር አለበት ማለት አይደለም፣ ያለፈውም ሁሉ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ፈተናም አይደለም። አንዳንድ ቦታ የአራት ዓመት ልጅ አፀደ ሕፃናት ለመግባት ሀ ሁ እና ኤ ቢ ሲ ዲ ጻፍ ተብሎ፣ ካልጻፈ «ቦታ የለም» ይባላል። ይህ ወንበር ለመቆጠብ የተፈለሰፈ ዘዴ ነው። ልየታ ብሎ መጥራት ቃሉን ማርከስ ይሆናል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክፍል እንግባ። የልጅ እጅ ከትከሻ ወደ ጣት ይበስላል። የሁለት ዓመት ልጅ ሲስል የሚንቀሳቀሰው ክንዱ ነው፤ ቆይቶ ክርኑ፣ ከዚያ አንጓው፣ መጨረሻ ላይ ጣቶቹ ሥራውን ይረከባሉ። የእርሳስ አያያዙም ይህንኑ ተከትሎ ይለወጣል። መጀመሪያ በጡጫ ይጨብጣል፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ አብዛኞቹ ልጆች በሦስት ጣት ወደ መያዝ ይሸጋገራሉ። እዚህ ላይ መምህራንን የሚያስደንቅ ነገር አለ። በአራት ጣት ወይም አውራ ጣትን አሻግሮ መያዝን የመሳሰሉ አያያዞች ፍጥነትንም ሆነ ተነባቢነትን ያን ያህል እንደማይጎዱ በካናዳ በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ጣቱ እንደ መጽሐፉ ሥዕል አልተቀመጠም ብሎ ልጅን በየደቂቃው ማረም ትርፉ ልጁን ከእርሳስ ማጣላት ብቻ ነው።

ቅርጽ መገልበጥም የራሱ ተራ አለው። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲው አርኖልድ ገዜልና ተከታዮቹ ባዩት መሠረት፣ ልጅ ክብን በሦስት ዓመት ገደማ፣ መስቀልን በአራት፣ አራት ማዕዘንን ወደ አምስት ሲጠጋ ይገለብጣል። ሦስት ማዕዘን ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ አልማዝ የሚባለው ዘወር ያለ ካሬ ደግሞ እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት ይቆያል። ምክንያቱ ዘመም ያለው መስመር ነው፤ ለትንሽ ልጅ ከላይ ወደ ታችና ከጎን ወደ ጎን መሳብ ይቀላል፣ ማዝመም ይከብዳል። ኪት ቢሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተመው የዓይንና የእጅ ቅንጅት መለኪያም ከቀጥታ መስመር ተነስቶ ደረጃ በደረጃ እየከበደ የሚሄድ የቅርጾች ዝርዝር ነው። ከዝርዝሩ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ቅርጾች መገልበጥ የቻሉ የአፀደ ሕፃናት ልጆች ካልቻሉት ይልቅ ፊደል በመገልበጥ እንደሚሻሉ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል።

ይህ ሁሉ የተጠናው በላቲን ፊደል በሚጽፉ ልጆች ላይ ነው። የእኛስ?

እዚህ ላይ ሁለተኛው ክፍል ይጀምራል፣ ትንሽ ረዘም ብሎ መቆየትም ያዋጣል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ከቅርጾቹ ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው አንድ ደስ የሚል ነገር ይታያል። ዐይኑ ዐ ክብ ነው። ተ በልጅ እጅ ሲጻፍ መስቀል ነው። በ ታቹ የተከፈተ ሳጥን ነው፣ ሀ ደግሞ ጽዋ። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ እጅ የሚችላቸው ቅርጾች ፊደላችን ውስጥ አሉ ማለት ነው፤ ነገር ግን በገበታው ላይ በቅለታቸው ተራ አልተሰደሩም። ከሀ ቀጥሎ ለ፣ ከለ ቀጥሎ ሐ፣ በአራተኛው ላይ መ ይመጣል። ሁለት ቀለበት አጠጋግቶ ማጣበቅ ለአራት ዓመት ልጅ ቀላል ሥራ አይደለም። ቀላሉ ዐ ግን ከገበታው ግማሽ ወዲያ ቆሞ ይጠብቃል።

ዋናው ፈተና ደግሞ ከግዕዙ ወደ ካዕቡና ወደ ሣልሱ ሲወረድ ነው። «በ»ን ተመልከቱ። ቡ ጉልበቱ ላይ ጭረት አለው፣ ቢ ተረከዙ ላይ፣ ቤ ደግሞ እዚያው ተረከዙ ላይ ቀለበት። ቢን ከቤ የሚለየው የጤፍ ፍሬ የምታህል ክብ ናት። ልጁ በትልቁ ሳጥኑን ስሎ ሲያበቃ፣ በዚያው እጅ ወዲያው አንሶ፣ ቦታ መርጦ፣ ያቺን ትንሽ ነገር ማስቀመጥ አለበት። ለላቲን ጽሕፈት የተሠራ መለኪያ ይህን አይጠይቅም። የአማርኛ ልየታ ግን ቢያንስ በአንድ ጥያቄ «ከጎኑ አስቀምጥ» የሚለውን ማየት ይኖርበታል፤ ካሬ አሳይቶ ከካሬው ቀኝ እግር ሥር ትንሽ ክብ እንዲያክል መጠየቅ ይበቃል። ይህ የተናጋሪው ሐሳብ ነው፤ ክፍላችሁ ውስጥ ሞክራችሁ ፍረዱ።

አባቶች ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትተውት ነበር። በንባብ ቤት ልጅ ገበታው ላይ በስንደዶ እየጠቆመ ሀ ሁን ይቆጥራል፣ አቡጊዳን ይዘልቃል፣ ወደ ንባብ ይሻገራል፤ በዚህ ሁሉ መሐል ጻፍ የሚለው አልነበረም። ጽሕፈት ለብቻው የሚያዝ ሙያ ነበር። ቁም ጸሐፊ ለመሆን የፈለገ ሰው አድጎ፣ ብራና መፋቅን፣ ቀለም መበጥበጥን፣ ብዕር መቅረጽን ከባለሙያ ሥር ሆኖ ይማራል። የንባብ ቤቱ ልጅ ዓይኑና አንደበቱ እንጂ እጁ አይፈተንም ነበር። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ እንዳሉት ባሉ ቁርኣን ቤቶች ደግሞ ነገሩ የተለየ ነው፤ በባህላዊው አቀራር ልጁ ሎሕ የሚባለውን የእንጨት ሰሌዳ ይይዛል፣ ጥቁር ቀለም ነክሮ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፣ ያጥባል፣ መልሶ ይጽፋል። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደወልና የአንዋር አዛን በአንድ ጆሮ በሚሰሙበት በዚህ ሰፈር አንድ ልጅ ጠዋት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ማታ ከቀኝ ወደ ግራ ሊጽፍ ይችላል። ፊደሉን ገልብጦ ቢጽፍ አትደንግጡ። እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት ድረስ ፊደልን ማዞር በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚጽፉ ልጆችም ዘንድ የተለመደ ነው።

ታዲያ እንደ ንባብ ቤቱ ንባብና ጽሕፈትን እንለይ ይሆን? እዚህ ላይ ተቃራኒ ማስረጃ አለ፣ መደበቅም አይገባም። በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲዋ ካሪን ጄምስ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው ጥናት ገና ማንበብ ያልጀመሩ የአምስት ዓመት ልጆች ፊደላትን በሦስት መንገድ ተለማመዱ፤ በእጅ በመጻፍ፣ በነጠብጣብ ላይ በመሄድና በመተየብ። ከዚያ በኤም አር አይ ሲታዩ፣ ፊደል ባዩ ጊዜ የንባብ የአእምሮ ክፍላቸው ጎልቶ የሠራው በነጻ እጅ ከጻፉት ፊደል በኋላ ነበር። አጥኚዋ ከሰጠችው ማብራሪያ አንዱ እንዲህ የሚል ነው፤ የልጅ እጅ የሚጽፈው «በ» ዛሬና ነገ አይመሳሰልም፣ ያ ሁሉ ጎባጣና ዘማማ «በ» ልጁ «በ ማለት ምንድን ነው» የሚለውን እንዲረዳ ያግዘዋል። የተንጋደደውም ጽሕፈት ለልጁ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ልየታ ሲደረግ ውበት አይለካም የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ ደብተር ሙሉ ነጠብጣብ ማስያዝም የታሰበውን ያህል እንዳልሆነ ከዚሁ ይታያል።

ወደ ሦስተኛው ክፍል ስንሻገር፣ ከውጭ የመጣ መለኪያ እዚህ ሲደርስ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ጅማ ላይ አለ። ዴንቨር የሚባለው የልጆች ዕድገት ልየታ እ.ኤ.አ. በ1967 ወጣ፤ ሁለተኛው ቅጂ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ። 125 ጥያቄዎች አሉት፤ ከአራቱ ክፍሎቹ አንዱ የጥቃቅን ጡንቻዎች ነው። ትንንሽ ኩብ ይደረደራል፣ ዘቢብ በጣት ይለቀማል፣ ክብና መስቀል ይገለበጣል፣ ሰው ይሳላል። በሌሎቹ ክፍሎች ግን ቁርስ ሲሪያል ማዘጋጀትና የካርታ ጨዋታ መጫወት የመሳሰሉ ጥያቄዎችም ነበሩ። ተክሉ ገመቹ አበሳና ባልደረቦቹ ይህን መለኪያ ለጅማ ልጆች ሲያዘጋጁት 36ቱን ጥያቄዎች ማሻሻል አስፈልጓቸዋል፤ ከ1,500 በሚበልጡ ጤናማ ልጆች ላይ ሞክረውም ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል። ልጆቹ አንዳንዱን ነገር ከአሜሪካዎቹ ቀድመው፣ አንዳንዱን ዘግይተው ነበር የሚደርሱበት። የአሜሪካውን የዕድሜ መስመር እንዳለ አምጥቶ እዚህ ማስመር ጤነኛውን ልጅ ዘገየ ሊያሰኝ፣ መታየት ያለበትንም ሊያሳልፍ ይችላል።

ሌላው መለኪያ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ አይዴላ የሚባለው የሴቭ ዘ ችልድረን ሥራ ነው። ኢትዮጵያ ከአፍጋኒስታን፣ ከቦሊቪያ፣ ከዩጋንዳና ከቬትናም ጋር ሆና በመለኪያው ላይ ከተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች በአንዱ ተካታለች። የእጅ ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ቅርጽ መገልበጥ፣ ሰው መሳል፣ ወረቀት ማጠፍ። በአንድ እግር መዝለልም አለበት፣ ሰኞ ማክሰኞ ለሚጫወት ልጅ ይህ ጥያቄ ሳይሆን በዓል ነው። ወረቀት ማጠፉ በተለይ ብልህ ምርጫ ነው። እርሳስ አይጠይቅም፤ ሁለት እጅ ግን ይጠይቃል፣ ቅደም ተከተልም ይጠይቃል።

ለሶማሌ ተራ ልጅ የሚሆነው ልየታ እንግዲህ ሁለት ወገን ይኖረዋል። አንደኛው ወገን ያለ እርሳስ፤ ምስር መልቀም፣ ጨሌ መሰካት፣ ወረቀት ማጠፍ፣ ዳዶ ማዞር። ሁለተኛው በእርሳስ፤ መስመር፣ ክብ፣ መስቀል፣ ካሬ፣ ሰው። በሁለቱም የተቸገረ ልጅ ቶሎ መታየት አለበት። በመጀመሪያው ጎበዝ ሆኖ በሁለተኛው የወደቀ ግን ያጣው እርሳስ ነው፤ ወረቀት፣ ከሰልና ጠመኔ ስጡት፣ ከስድስት ወር በኋላ መልሳችሁ እዩት። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ኦ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መስፋፋት የጀመረው በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአራተኛው የትምህርት ልማት መርሐ ግብር ነው፤ ከዚያ በፊት ከአሥር ልጆች አንዱ እንኳ አፀደ ሕፃናት አይገባም ነበር። ዛሬም ክፍሉ ውስጥ ሦስት ዓመት እርሳስ ይዞ የመጣና ትናንት የያዘ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ከመጀመሩ በፊት ግን ዕድሜው በወር ይታወቅ። በአራት ዓመት ላይ የስድስት ወር ልዩነት ብዙ ነው። «ለመስቀል አምስት ይሞላዋል» የሚለው መልስ ጥሩ ነው፣ መስቀል አይንቀሳቀስም። «ዒድ ሰሞን ተወለደች» ሲባል ግን የየትኛው ዓመት ዒድ ተብሎ መቆጠር አለበት፤ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይመጣልና። የክትባት ካርድ ካለ ነገሩ ያልቃል።

ልጁ ሲሠራ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ልጁን እዩት። እግሩ መሬት ይነካል? የማይጽፈው እጁ ወረቀቱን ይይዛል ወይስ ጭኑ ላይ ተኝቷል? አፍንጫው ወረቀቱ ላይ ከተደፋ ችግሩ ከእጁ ሳይሆን ከዓይኑ ሊሆን ይችላል፤ መነጽር የሚፈታውን ነገር የጣት ልምምድ አይፈታውም። አንድ እጁን ጨርሶ የማይጠቀም፣ ወይም ትናንት ያደርገው የነበረውን ዛሬ ያቃተው ልጅ ስድስት ወር አይጠብቅም፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

በግራ እጁ የሚሠራ ከሆነ ተዉት። ከአሥር ሰው አንዱ ያህል ግራኝ ነው፤ ታሪካችን ኢማም አሕመድን በዚህ ስም እስከ ዛሬ ይጠራቸዋል። ለግራኝ ልጅ የሚያስፈልገው ወረቀቱን አናቱን ወደ ቀኝ ዘንበል ማድረግና ከጎረቤቱ ክርን የማይጋጭበት ወንበር ነው። ምግቡን በቀኙ ይብላ ብትሉ የቤታችሁ ጉዳይ ነው፣ እርሳሱን ግን አትቀሙት።

ስለ እርሳስ ከተነሳ አይቀር፣ ቋንቋችን አንድ ወጥመድ አለው። የልጁ እርሳስ ውስጡ ግራፋይትና ሸክላ ነው፤ እርሳስ የሚባለው ብረት የለበትም። ብረቱ ያለው አሮጌ ባትሪ ውስጥ ነው፣ አሮጌ ባትሪ ደግሞ ለዚህ ገበያ እንግዳ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ያስታውቃል። የአእምሮን ዕድገት ይጎዳል፣ እጅንም ጭምር። ባትሪ በሚፈታበት አካባቢ የሚውል ልጅ እጁ ከዘገየ ሐኪሙ ይህን መስማት አለበት። ዳዶውንም ቢሆን ታጥቦ እንጂ ከነግራሱ አትስጡት፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ጨርሶ አይሰጥም፣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አፉ ነውና።

ወንፊቱ ላይ የቀረው ልጅ ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። የእጅን ሥራ የሚያሠለጥነው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ሙያ ለአገራችን አዲስ ነው፤ የመጀመሪያውን የዲግሪ ትምህርት የጀመረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ነው። ባለሙያዎቹ በቁጥር ገና ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ለአብዛኛው ልጅ ሁለተኛው እርምጃ መምህርቷና ቤተሰቡ ራሳቸው ናቸው። ቅልብልቦሽ፣ ገበጣ፣ ብይ፣ ሊጥ ማድቦልቦል፣ ምስር መልቀም፤ የሚገዛ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። በጠባብ ቤት፣ በፎቅ ላይ፣ በሱቅ ጓዳ የሚያድግ ልጅ እነዚህን በስልክ ከተካ ግን ጣቱ የሚማረው መንሸራተትን ብቻ ነው።

የልየታውን ዕቃ ለማሟላትም ከመርካቶ መውጣት አያስፈልግም። ምስሩ ከእህል በረንዳ ይገኛል፣ አንድ ጭብጥ ይበቃል። ጨሌውና ክሩ ከጌጣጌጥ ሻጭ፣ ኩቡ ከማንኛውም አናጺ ቁርጥራጭ፣ ክዳን ያለው ጣሳ ከሚናሌሽ ተራ። ወረቀቱና እርሳሱ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር። ብሎንና ዳዶው ብቻ ከዚህ ከእናንተ ይገዛል፤ ወፈር ያለ፣ ጥርሱ ያልተበላ፣ ለልጅ እጅ የሚመች አንድ ጥንድ። ነገ ከነገ ወዲያ አንዲት የኦ ክፍል መምህርት ሱቃችሁ ደጅ ቆማ ይህን ብትጠይቅና እናንተም እንደ ልማዳችሁ «የምን መኪና ነው? ሞዴሉ ስንት?» ብትሏት፣ ግራ ተጋብታ እንዳትመለስ፣ ጣሳውን አውጥታችሁ ራሷ ትምረጥ።